የራሳችሁ መልክ ያለው ኩዊልት፦ ከአሮጌ ነጠላና ከሐበሻ ቀሚስ እንዴት ይሠራል?

ኩዊልቶቼን ያየ ሰው ከሁለት ጥያቄ አያልፍም። አንደኛው «ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ተቆርጦ ይሰፋል እንዴ? አይተረተርም?» የሚል ነው። ሁለተኛው ስፌት ከሚችሉት ይመጣል፦ «የሰው ንድፍ እያየሁ እሠራለሁ፤ የራሴ የምለው ግን አልመጣልኝም። አንቺ ከየት አመጣሽው?» ለሁለቱም ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነገር ስለሆነ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጻፍኩት።

ኩዊልት ሦስት ንብርብር ነው፦ ላዩ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተደረተ፣ መሀሉ ሙቀት የሚይዝ ሙሌት፣ ከሥር ደግሞ ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በስፌት ይያያዛሉ። «መደረት» የሚለውን የራሳችንን ቃል የምጠቀመው አውቄ ነው። ድሪቶ ሲባል የሚሸማቀቅ ሰው መጋጠሚያውን ለመደበቅ ይለፋል፤ ኩዊልት ግን መጋጠሚያው እንዲታይ ተብሎ የሚሠራ ነገር ነው።

እዚህ የምንሠራው 9 ካሬ ያለው፣ ሲያልቅ 90 በ90 ሳ.ሜ. የሚሆን ነው። ሶፋ ላይ ይጣላል፣ ጉልበት ይሸፈንበታል፣ ግድግዳ ላይም ይሰቀላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ አትበልጡ። ንብርብሩ ተጠቅልሎ በስፌት መኪናው ክንድ ሥር ማለፍ ስላለበት ትልቁ ያስቸግራል። በትርፍ ሰዓት ለሚሠራ ሰው የአራት ወይም የአምስት ቅዳሜ ሥራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ለላዩ፦ 110 ሳ.ሜ. ስፋት ባለው ጨርቅ ሲታሰብ በጠቅላላው 2 ሜትር ተኩል ያህል ቁርጥራጭ። ግማሹ ሽመና (ነጠላ፣ ኩታ፣ የሐበሻ ቀሚስ)፣ ግማሹ ልሙጥ ጥጥ (አሮጌ አንሶላ፣ ሸሚዝ፣ አቡጀዲ) ይሁን።
- ለገበር፦ 110 በ110 ሳ.ሜ. የጥጥ ጨርቅ። ደህና አንሶላ ይበቃል።
- ለሙሌት፦ 105 በ105 ሳ.ሜ.። እዚህ ቨርጂኒያ የስፌት ዕቃ መደብሮች የተዘጋጀ የጥጥ ሙሌት በልክ እየቆረጡ ይሸጣሉ። በማይገኝበት አገር ያረጀ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ ጋቢ ይሆናል፤ ከበድ ይላል እንጂ ሙቀቱ አይታማም።
- በካውያ የሚለጠፍ ስስ ነጭ መደገፊያ ጨርቅ፦ 1 ሜትር ተኩል
- ለጠርዙ፦ 6 ሳ.ሜ. ተኩል ስፋት፣ 110 ሳ.ሜ. ርዝመት ያላቸው 4 ቅዶች
- የጥጥ ክር፣ 80 እና 90 ቁጥር የመኪና መርፌ
- 80 ያህል መርፌ ቁልፍ
- ለጨርቅ ብቻ የሚውል ስለታም መቀስ፣ ረጅም ማስመሪያ
- ካውያና አንድ ስስ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ
- ለምልክት ያለቀች ስስ የሳሙና ቁራጭ (ልብስ ሰፊዎች የሚጠቀሙባት ናት፤ በውኃ ትጠፋለች)
- 32 በ32 ሳ.ሜ. ሆኖ የተቆረጠ ካርቶን
- ፎቶ የሚያነሳ ስልክ

ማስጠንቀቂያ። የእናት ወይም የአያት ቀሚስ ከሆነ መቀስ ከማንሳታችሁ በፊት ቤተሰቡን ጠይቁ። የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም። እኔ ሙሉውን ቀሚስ ዘርግቼ ፎቶ ሳላነሳ፣ ከጥለቱም አንድ ስንዝር ለብቻ ሳላስቀምጥ አልቆርጥም።

1. ልብሱን ለዩ፣ ፈትሹ፣ እጠቡ

ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት። ክሩ የሳሳበትና ጣት የሚያሳልፈው ቦታ ለኩዊልት አይሆንም፤ ስፌቱ ራሱ ይቀደዋል። ደህና የሆነውን ለዩ።

ቀጥሎ ጥለቱ ከምን እንደተሠራ እወቁ። ከጥለቱ አንድ ክር መዝዛችሁ፣ በወረንጦ ይዛችሁ፣ ውኃ ባለበት ሳህን ላይ አቃጥሉት። ጥጥ ከሆነ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነዶ አመድ ይሆናል። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ይህን ማወቅ ያለባችሁ የሚቀልጠው ክር በጋለ ካውያ ስለሚበላሽ ነው፤ በተለይ የሚያብረቀርቀው ወርቃማና ብርማ ክር። እንዲህ ያለው ጥለት ሁልጊዜ ከላዩ ስስ ጨርቅ ተደርጎ በለብታ ካውያ ይተኮሳል።

አሁን ቀለሙን ፈትኑ። ነጭ ጨርቅ በሞቀ ውኃ አርጥቡና ጥለቱ ላይ አምስት ደቂቃ ተጭናችሁ ያዙት። ቀለም ከነካው ጥለቱን ውኃው ጥርት እስኪል ደጋግማችሁ እጠቡት። በአራተኛውም በአምስተኛውም እጥበት መልቀቁን ካልተወ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ይህን ደረጃ የዘለልኩት አንዴ ነው። ለእህቴ ልጅ የሠራሁት ኩዊልት መጀመሪያ በታጠበ ቀን ቀዩ ጥለት ለቆ፣ አጠገቡ ያለውን ነጭ በሙሉ ሮዝ አደረገው። የሁለት ወር ሥራ ነበር፣ አልመለስ አለ።

ሽመናውን ሁሉ ከመቁረጣችሁ በፊት እጠቡ። በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያዎቹ እጥበቶች በደንብ ይሰበሰባል፤ ይህ ከተሰፋ በኋላ ከሆነ ካሬው ይጨማደዳል። ክፍት ጠርዙን በመኪና ዚግዛግ ስፉት፣ ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብታችሁ አፉን እሰሩ፣ በለብታ ውኃ እጠቡና ሳትሰቅሉ ዘርግታችሁ አድርቁ። እርጥብ ሽመና ሲሰቀል በክብደቱ ይለጠጣል።

2. ሽመናውን አጠንክሩ

«አይተረተርም?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ እዚህ ነው። ዝም ብሎ ከተቆረጠ ይተረተራል፤ ከጀርባ ከተደገፈ ግን አይተረተርም።

በመጀመሪያ ቀጥ ያለ መቁረጫ መስመር አግኙ። ነጠላ በማስመሪያ ብቻ አይታመንም፣ እጅ ሲነካው ይንጋደዳል። ከዳር አንዷን የማግ ክር በመርፌ ጫፍ አንሱና ቀስ እያላችሁ ሳቡ። ጨርቁ ይኮማተራል፤ በሌላው እጃችሁ እያስተካከላችሁ ክሯን እስከ መጨረሻው አውጧት። ክሯ በወጣችበት ቦታ ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ይቀራል። መቀሱ በዚያ መንገድ ይሂድ። ክሯ መሀል ላይ ብትበጠስ አጠገቧ ያለችውን አንሱና ቀጥሉ። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ከዚህ የተሻለ ቀጥታ መስመር ነጠላ ላይ አላየሁም።

እንዲህ ሰፋፊ አድርጋችሁ ከቆረጣችሁ በኋላ መደገፊያውን ከጀርባ ለጥፉ። ካውያውን ጨርቁ ላይ አትንዱት፤ አስቀምጡ፣ ተጫኑ፣ አንሱ፣ ወደሚቀጥለው ቦታ እለፉ። የሚነዳ ካውያ ሽመናውን ይለጥጠዋል፣ መደገፊያውም እንደተለጠጠ ይይዘዋል። ነጭ መደገፊያ ሌላም ጥቅም አለው፤ ከሥር ያለው ደማቅ ጨርቅ በስሱ ነጠላ በኩል እንዳይታይ ይከልላል።

3. ንድፉን ከእጃችሁ አውጡ

አብዛኛው ሰው የሚቆመው እዚህ ነው፤ የሚቆመውም ሐሳብ እስኪመጣለት ስለሚጠብቅ ነው። እኔን የሠራልኝ ምርጫን መቀነስና ትንንሽ ሙከራ መሥራት ነው። ቅደም ተከተሉ ይኸውላችሁ።

ሀ) ስልካችሁን ይዛችሁ ቤታችሁን ዙሩ፤ ዓይናችሁ ያረፈበትን መስመርና ቅርጽ 20 ፎቶ አንሱ። የመሶቡ አክርማ ዙር፣ የመስኮት ፍርግርግ፣ የታጠፈ ጋቢ፣ የሲኒ ረከቦት፣ ምንም ይሁን። ከዚያ ሃያውን አንድ ላይ እዩና የሚደጋገመውን ፈልጉ። እኔ ሳየው አሥራ ምናምኑ የዳር ፎቶ ነበር፦ የምንጣፍ ዳር፣ የነጠላ ዳር፣ የበር ዳር። መሀሉ ባዶ ሆኖ ዳሩ የሚሞላ ነገር እንደምወድ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እስከ ዛሬ ኩዊልቶቼ ላይ ጥለት መሀል አይገባም።

ለ) ሦስት ሕግ ጻፉ። ከሦስት አይብለጥ። የእኔ የመጀመሪያው ኩዊልት ሕጎች እነዚህ ነበሩ፦ የየካሬው እምብርት ከአንድ ቀሚስ ብቻ ይቆረጣል፤ ግማሽ ያህሉ ነጭ ይሆናል፤ ጥለት በአንድ ካሬ አንዴ ብቻ ይገባል። ሕግ የሚያስፈልገው ሁሉም ጨርቅ ፊታችሁ ተከምሮ ሁሉም ነገር ሲፈቀድ እጅ ስለሚታሰር ነው። ሦስት ነገር ሲከለከል የቀረውን ማየት ትጀምራላችሁ።

ሐ) ሦስት የሙከራ ካሬ ስፉ (ስፌቱ ደረጃ 4 ላይ አለ)። ጨርቁ አንድ ዓይነት ይሁን፣ በየካሬው አንድ ሕግ ብቻ ቀይሩ። ሁሉንም በአንዴ ከቀየራችሁ የቱ ለውጥ እንደጠቀመ አታውቁም።

መ) ሦስቱን ግድግዳ ላይ በስፒል ስቀሉ፣ ሦስት ቀን ተዉአቸው። በዚህ ጊዜ ለሰው አታሳዩ። ምርጫችሁ ገና ሳይጠና የሰው አስተያየት ከገባበት የተመረጠው የእነሱ ነው የሚሆነው። በየቀኑ በወረቀት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ? የትኛውን መድገም እፈልጋለሁ? የትኛውን ቅድ ባወጣው ደስ ይለኛል?

ሠ) የካሬዎቹን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይሩት። ሁሉም አንድ ዓይነት ግራጫ ከሆነ የጠቆረና የፈካ ልዩነት ይጎድለዋል ማለት ነው። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን የተለያዩ ቢመስሉም እኩል ከጠቆሩ ከሩቅ ይቀላቀላሉ። አንድ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ቡና ዓይነት ቅድ ማስገባት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የሰውን ንድፍ መቅዳት ነውር ነው ወይ ለምትሉ፣ ለልምምድ አይደለም። አንዴ እንዳለ ቅዱት፣ እጃችሁ ይማራል። ለሁለተኛ ጊዜ ስትሠሩት አንድ ነገር ቀይሩ፣ ለሦስተኛው ሌላ። ለሕዝብ ስታሳዩት ግን የማን ንድፍ እንደሆነ ተናገሩ። አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ በምትባል መንደር ያሉ ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ያረጀ የሥራ ልብስ ሳይቀር እየቆረጡ በሠሩአቸው ኩዊልቶች ይታወቃሉ። ከታች የምንሰፋውን፣ በእምብርት ዙሪያ የሚሄደውን ቅርጽ «ሀውስቶፕ» ይሉታል። ፎቶዎቹን ፈልጋችሁ ጎን ለጎን እዩአቸው። ቅርጹ አንድ፣ የእያንዳንዷ እጅ ግን ሌላ ነው።

4. ካሬውን ስፉ

መኪናው ላይ 80 ቁጥር መርፌ ግጠሙ፣ የስፌቱን ርዝመት 2 አድርጉት። የኩዊልት መመሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ 6 ሚሊሜትር የስፌት ትርፍ (ከስፌቱ መስመር እስከ ጨርቁ ዳር ያለውን) ተዉ ይላሉ። ለፋብሪካ ጥጥ ልክ ናቸው። ለሽመና ግን 1 ሳ.ሜ. ተዉ፤ ስድስቱ ሚሊሜትር ከጥቂት እጥበት በኋላ ከስፌቱ ሾልኮ ይወጣል። ልኩ እንዳይለዋወጥ ከመርፌው 1 ሳ.ሜ. ርቀት ላይ መኪናው ወለል ላይ ፕላስተር ለጥፉ።

- ለእምብርቱ 11 በ11 ሳ.ሜ. ቁረጡ።
- ለዙሩ ከ5 እስከ 8 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ቅዶች ቁረጡ። ስፋታቸው ቢለያይ ይመረጣል፤ እኩል ሲሆኑ ሁሉም ካሬ አንድ ይመስላል።
- አንዱን ቅድ በእምብርቱ አንድ ጎን፣ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ስፉ። ተኩሱ። የተረፈውን ከርክሙ።
- ካሬውን ሩብ ዙር አዙሩና ሁለተኛውን ቅድ ስፉ፤ የመጀመሪያውን ቅድ ጫፍም ይሸፍናል። እንዲህ እያዞራችሁ አራቱን ጎን ሙሉ።
- ሁለት ወይም ሦስት ዙር ስትሄዱ ከ32 ሳ.ሜ. ያልፋል። ካርቶኑን ላዩ ላይ አድርጋችሁ በሳሙና ምልክት አድርጉና ከርክሙ። ካርቶኑን ትንሽ ዘንበል ብታደርጉት ካሬው እንቅስቃሴ ያገኛል።

ከእያንዳንዱ ስፌት በኋላ ተኩሱ። ለመጨረሻ ካቆያችሁት የተደበቁ እጥፋቶች ተደማምረው ካሬው ጎድጓዳ ይሆናል።

ጥንቃቄ ለጥለት። ጥለቱ አጠገብ ቢያንስ 1 ሳ.ሜ. ተኩል ነጭ ተዉ። ስፌቱ ጥለቱ ላይ ከወጣ ንድፉ ተውጦ ይቀራል፣ መርፌም ይሰበራል። ጥለቱን አግድም መቁረጥ ካለባችሁ ከመቁረጣችሁ በፊት በመቁረጫው ግራና ቀኝ በትንንሽ ስፌት ሁለት መስመር ስፉ፣ ከዚያ መሀሉን ቁረጡ።

5. ዘጠኙን አጋጥሙ

መሬት ላይ ሦስት በሦስት ዘርጉ። ፎቶ አንሱ፣ አንዱን አዙሩ፣ እንደገና አንሱ። አምስት ስድስት ዓይነት አቀማመጥ ካያችሁ በኋላ ፎቶዎቹን አወዳድሩ፤ ቆሞ ከማየት ይልቅ በትንሽ ምስል ሚዛኑ ቶሎ ይታያል። በሦስት ሦስት ረድፍ ስፉ፣ ስፌቱን ወደ ሁለቱም ጎን ከፍታችሁ ተኩሱ፣ ከዚያ ረድፎቹን አያይዙ። አንድ ላይ ያልገጠመ ማዕዘን ካለ ተርትራችሁ እንደገና ስፉት፤ ከ3 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ግን ተዉት።

6. ሦስቱን ደራርቡ

ገበሩን ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ንጹሕ ወለል ላይ ዘርጉ፣ ዳር ዳሩን በፕላስተር ያዙ። ይወጠር እንጂ አይለጠጥ። በላዩ ሙሌቱን፣ ከዚያ የተደረተውን ላይ አድርጉ። ገበሩና ሙሌቱ ከላዩ ሰፍተው የተቆረጡት ስፌቱ እየሄደ ላዩን ስለሚገፋው ነው። ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ውጭ በየ10 ሳ.ሜ. መርፌ ቁልፍ ስኩ። መዳፋችሁን የትም ብታሳርፉ አንድ ቁልፍ መንካት አለበት። የሰካችሁትን ቁጥር ጻፉ፤ ሲወጣ ተቆጥሮ እኩል መሆን አለበት። አንድ መርፌ ውስጡ የቀረ ኩዊልት ለልጅ አደገኛ ነው።

7. ንብርብሩን ስፉ

መርፌውን በ90 ቁጥር ቀይሩ፣ ርዝመቱን 3 አድርጉ። ላይና ታቹን እኩል የሚስብ የመኪና እግር ካላችሁ ግጠሙት። ከሌላችሁ የእግሩን ጫና ቀንሱና በዝግታ ሂዱ። የመጀመሪያው መስመር በትክክል መሀል ይሂድ፣ የሚቀጥሉት ከእሱ ግራና ቀኝ። ከዳር የጀመረ ሰው ትርፉን ሁሉ ወደ መሀል እየገፋ እጥፋት ይሠራል። በመስመሮች መካከል ከ8 ሳ.ሜ. አታስበልጡ፤ ሙሌቱ በእጥበት እንዳይሰበሰብ የሚይዘው ይህ ስፌት ነው። የገዛችሁት ሙሌት ማሸጊያው ላይ ሌላ ልክ ካለ እሱን ተከተሉ።

መኪና ከሌላችሁ በወፍራም ክር በእጅ ውጋ ነቀል እያላችሁ ስፉት። ስፌታችሁ እኩል ካልሆነ አይጨንቃችሁ፣ አካሄዱ ቀጥ ይበል እንጂ። እኔ የመኪናውን ሥራ ከጨረስኩ በኋላ እንኳ የጥለቱን ጎን በቀይ ክር በእጅ እሰፋለሁ፤ ጥለቱ ላይ መኪና አላስኬድም፣ ይደፈጥጠዋል።

8. ጠርዙን ዝጉ

ዳሩን በማስመሪያ ከርክሙ። አራቱን ቅዶች ጫፍ ለጫፍ አያይዛችሁ በርዝመታቸው ለሁለት እጠፉና ተኩሱ። ክፍት ጠርዛቸውን ከኩዊልቱ ዳር ጋር በፊት በኩል አጋጥማችሁ ስፉ፤ ማዕዘን ላይ 1 ሳ.ሜ. ሲቀር አቁሙ፣ ቅዱን ወደ ላይ ከዚያ ወደ ታች እጠፉና በሚቀጥለው ጎን ቀጥሉ። የታጠፈውን ወደ ጀርባ መልሳችሁ በእጅ ዘምዝሙት። ጠርዝ ብዙ የሚታሽ ቦታ ስለሆነ ለዚህ ነጠላ አትጠቀሙ፣ ጠንካራ ጥጥ ይሁን።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ስህተቶች

- ካሬዎቹ ዳራቸው እንደ ሞገድ ይሆናል፦ ቅዱ እየተሳበ ተሰፍቷል። መኪናው ራሱ ይሳበው፣ እጃችሁ ይምራው ብቻ።
- ሁሉንም ውብ ጥለት በአንድ ኩዊልት መጨረስ፦ ጥለት ከጥለት ሲጋጠም አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ልሙጥ ጨርቅ ማረፊያ ይሰጠዋል።
- በጀርባ ክሩ እየተቋጠረ ይመጣል፦ መኪናው ክሩን የማይዘው እግሩ ወርዶ ሳለ ስለተጎረሰ ነው። እግሩን አንስታችሁ እንደገና አጉርሱ።
- በሦስተኛው ካሬ ሕጉን መቀየር፦ የሚሰለችበት ቦታ ስለሆነ ይፈትናል። አዲሱን ሐሳብ ወረቀት ላይ ጻፉና ለሚቀጥለው ኩዊልት አቆዩት። ዘጠኙን በጀመራችሁት ጨርሱ፤ አለዚያ የቱ ሐሳብ የእናንተ እንደነበር አይለይም።

ካለቀ በኋላ

ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፤ ዘርግታችሁ ጥላ ውስጥ አድርቁ። ለሕፃን ስጦታ ከሆነ ወላጆቹ ይወቁት፦ ከአንድ ዓመት በታች ያለ ልጅ ሲተኛ አልጋው ውስጥ አይገባም፣ ፊቱን ሊሸፍነው ይችላል። ሲነቃ መሬት ላይ ተነጥፎ ይጫወትበት።

በጀርባው ጥግ መዳፍ የምታህል አቡጀዲ ስፉና በማይለቅ ብዕር ወይም በጥልፍ ስማችሁን፣ ዓመቱን፣ ቀሚሱ የማን እንደነበረ ጻፉ። ሦስቱን ሕጎችም ከሥሩ ጨምሩ። ሁለተኛውን ኩዊልት ስትጀምሩ ይህን ገልጣችሁ ታነቡና ሁለቱን ሕግ አስቀምጣችሁ አንዱን ብቻ ትቀይራላችሁ።